ሰፈራችን በሙሉ ውሸታም የሆነበት ዓመት

ሰፈራችን ውስጥ እውነት የሚናገር አንድም ሰው እንደሌለ የደረስኩበት እኔ ነኝ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ በገዛ እጄ፣ በጆግና በሳሙና ነው ያወቅሁት።

ነገሩ የተጀመረው በብርጭቆ ነው። እናቴ የምትሳሳለት፣ አፉ ዙሪያውን ወርቃማ መስመር ያለው የሻይ ብርጭቆ አንድ ቀን ጓዳ ውስጥ ተሰባብሮ ተገኘ። እናቴ ስሟ ወለተ ሐዋርያት ነው፤ የደብረ ማርቆስ ሰው ግን ወለቴ እያለ ይጠራታል። አባቴ ከሞተ ወዲህ የሀበሻ ቀሚስ ጥልፍ እየጠለፈች እኔንና አንዲት ድመት የምታሳድግ ሴት ነበረች። ሁለታችንንም አቁማ ጠየቀችን። ድመቷ ጥላን ወጣች፤ እኔ ቀረሁ።

«አልሰበርኩም» አልኳት።

«በይ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።»

«ለምን?»

«ሳሙና ለውሸታም አረፋ አያወጣም። እውነትሽን ከሆነ እናየዋለን።»

ታጠብኩ። ሳሙናውን አሸሁት፣ ፈተግሁት፣ ለመንኩት። አረፋ በማውጣት ፈንታ እንደተበላሸ ወተት እየተቋጠረ ጣቶቼ መካከል ተለጠፈ። ብርጭቆውን አልሰበርኩም፤ ያኔም አውቃለሁ፣ ዛሬም አውቃለሁ። ነገር ግን ሳሙናው እንዲህ ካለ ሰብሬው ረስቼው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። «ሰብሬዋለሁ» አልኩና አለቀስኩ። እናቴም ይቅር አለችኝ። ድመቷ መስኮቱ ላይ ሆና ታየናለች።

በዚያው ሰሞን ነበር ሰፈራችን የድሮው የምንጭ ውሃ ቀርቶ ከአዲሱ ጥልቅ ጉድጓድ መስመር የገባለት። ኖራ የበዛበት ውሃ ሳሙናን አረፋ እንደሚነሳው የተማርኩት ግን ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ፣ ኬሚስትሪ ላይ ነው። መምህሩ አስረድቶ ሲጨርስ «ጥያቄ ያለው?» አለ። እጄን አወጣሁና «ታዲያ ብርጭቆውን ማን ሰበረው?» አልኩት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ የምሬን ነበር።

እንግዳ ሲመጣ እጅ ማስታጠብ የልጅ ሥራ ነውና ከዚያ ቀን በኋላ ሥራዬን እንደ ዳኝነት ያዝኩት። በአንድ እጄ ጆግ፣ በሌላው ማስታጠቢያ ሳህን፣ ትከሻዬ ላይ ፎጣ፤ ዓይኔ ግን ሳሙናው ላይ ነው። መጀመሪያ የተያዙት ጎረቤታችን እትዬ መሲ ናቸው። «ለቅሶ ቤት ዋልኩ» እያሉ ታጠቡ፤ ሳሙናው ተቋጠረ። ቀጥለው የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ አበባው መጡ። «እኔ እንኳ ብዙም አልራበኝ» እያሉ ታጠቡ፤ እሳቸውም ያው ሆኑ።

አንድ እሁድ ደግሞ የንስሐ አባታችን አባ ኪዳነ ማርያም ቤቱን ጠበል ረጭተው ሲያበቁ እጃቸውን ዘረጉልኝ። አፈሰስኩላቸው። አረፋ የሚባል የለም። ጆጉ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ጓዳ ገብቼ «እማ፣ አባም ይዋሻሉ!» ብዬ ለእናቴ ሹክ አልኳት። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ወተፈች፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ለነፍሳቸው እያለቀሰች መስሎኝ አብሬያት አለቀስኩ።

ይህን የሚያህል ምስጢር ብቻዬን መያዝ አልቻልኩም። ለእትዬ መሲ ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ ምስጢር ከጆሯቸው እስከ አፋቸው ያለው መንገድ አጭር ነው። በማግስቱ ባላቸውን «ማታ የት አመሸህ?» ከማለታቸው በፊት «ታጠብ» አሉት። ከዚያ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ሳሙና ታጥቀው ተነሡ። ወንዶቹ በበኩላቸው ሳሙና መጥላት ጀመሩ። አንዱ ቆዳዬን ያሳክከኛል ይላል፤ ሌላው ሽታው አይስማማኝም ይላል፤ ሌላው በውሃ ብቻ ለቅለቅ አድርጎ ይቀመጣል። ዛሬ ሳስበው ግማሹ ሰው ይቀልድ ነበር። ችግሩ የትኛው ግማሽ እንደሚቀልድ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው።

በኋላ የእድሩ ትልቁ ብረት ድስት ጠፋ። ጋሽ አበባው ሳቅ እያሉ «እስቲ ትንቢትን ጥሯት» አሉ። ትንቢት እኔ ነኝ። የእድሩ አባል ሁሉ ተሰልፎ ታጠበ። ለማንም አላረፋም። መጨረሻ ላይ ራሳቸው ጋሽ አበባው ሲታጠቡ ሳቃቸው ቆመ። ሁሉም እጁን እያየ ቆየና፣ ድስቱን ሁሉም ስለሰረቀው ማንም እንዳይቀጣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ድስቱ ከጊዜ በኋላ እትዬ መሲ ጓዳ ጌሾ ተዘፍዝፎበት ተገኘ፤ እሳቸውም «እንዳይጠፋ ብዬ ነው» አሉ።

ከሁሉ ይልቅ ለማስታጠብ የምፈራው የአስማማውን እጅ ነበር። አስማማው ከደብረ ኤልያስ የመጣ ፀጉር አስተካካይ ነው። መንገድ ዳር ያለውን ክፍላችንን ተከራይቶ ፊት ለፊት ይሠራበታል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ይተኛበታል። ደንበኛ ሳይኖር ከፍ ዝቅ በሚለው ወንበር ላይ ያወጣኛል፣ ሲያወርደኝም «ጮቄ ተራራ ጫፍ ደርሰሽ ተመለስሽ» ይለኛል። አዲሱ ውሃ ከሁሉ የጎዳው ግን እሱን ነው። የውሃ ማሞቂያው ውስጥ እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለ ነጭ ነገር ይጋገርበታል፤ በየጊዜው ፈቶ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል። ደንበኞቹ ታጥበው ሲወጡ ፀጉራቸው ሽቅብ ቆሞ ይደርቃል። አንዱ መምህር እንደዚያ ሆኖ ክፍል ገብቶ ተማሪዎቹ ከመቀመጫቸው ተነሡለት አሉ።

አስማማው ስለ ውሃው ለማማረር በየቀኑ ማታ ማታ እኛ ቤት ይመጣል።

«ወለቴ፣ ዛሬም ያው ነው» ይላል በሩ ላይ ቆሞ።

«የኔም ነጠላ ያው ነው፤ ቢጫ ሆነብኝ» ትለዋለች።

«ሻዩስ?»

«ነጭ ነገር እንዳለ ሰፍፎበት! ግባና እየው እስቲ።»

ይገባል፤ ሻዩን ያያል፤ ይጠጣዋል። እሱ ስለ ቧንቧ ሲያወራ እናቴ ጥልፏን አቁማ ትሰማለች። በኢትዮጵያ ምድር እንደነዚህ ሁለት ሰዎች ውሃ የሚያስጨንቀው ያለ አይመስለኝም ነበር። አንዳንዴ ገብቼ ሳይ ከብዙ ጊዜ በፊት ዝም ብለዋል፤ ያኔ ስለ ውሃው በልባቸው እያሰቡ ነው እላለሁ።

አንድ ቀን «ይህ ውሃ መጨረሻው ከዚህ ቤት ያስወጣኛል» አላት። እናቴ ጣቷን በመርፌ ወጋች። እኔም ያን ቀን እራት አልበላሁም። አስማማው ከሄደ ወንበሩም ይሄዳል፤ ከሁሉም በላይ ግን እናቴ አብራው የምትስቅ ሰው ይሄዳል። አባቴ ከሞተ በኋላ ያለ ማስገደድ ስትስቅ የሰማኋት ከእሱ ጋር ብቻ ነበር። ይሄ የገባኝ ያኔ ነው፤ ከገባኝ ጥቂት ነገር አንዱ ነው።

እናቴ ከጓዳው ጀርባ አንድ በርሜል ነበራት። ክረምቱን ከቆርቆሮው በአሸንዳ የወረደው የዝናብ ውሃ እሱ ውስጥ ይጠራቀማል። ክዳኑ ላይ ትልቅ ድንጋይ ይጫናል። ውሃው የደንበኞቿን ነጭ ቀሚስ ለማጠብ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም። እኔ አንዴ እግሬን ልታጠብበት ብዬ የቀመስኩትን ቁንጥጫ እስካሁን አልረሳውም።

ጥቅምት ገባ። አንድ እሁድ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ እንዳላማው፣ ከአማኑኤል ከተማ መጡ። አማኑኤል ሱቅ አላቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ በደጃፋችን ሲገቡ ቤቱ ይጨልማል። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እሳቸው ሳይሰሙ እኛ ቤት አዲስ መጋረጃ እንኳ አይሰቀልም። የሳሙናውን ወሬ አማኑኤል ድረስ ሰምተውታል። «የማርቆስ ሰው ሥራ ፈታ!» ብለው ሲስቁ ቤቱ ተናጋ። ጆጉን ይዤ ስቀርብ ግን ሁለቱንም እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና «ከመኪና ስወርድ ታጥቤያለሁ» አሉ።

ትንሽ ቆይተው አባ ኪዳነ ማርያምና ጋሽ አበባው መጡ። የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። እናቴ እንዳየቻቸው ጓዳ ገባችና በሩን ገርበብ አደረገችው። ሽማግሌዎቹ ግን በሩ ላይ ቆሙ።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አሉ ጋሼ እንዳላማው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ አበባው።

«እስቲ ልስማው።»

«ልጃችን አስማማውን ከቤታችሁ እንድታስጠጉልን፣ ልጅ አርጋችሁ እንድትቀበሉልን ብለን ነው።»

ገረመኝ። አስማማው እኮ እዚሁ ቤት ነው ያለው! ከተጠጋም ቆይቷል። ኪራዩን ሊያስቀጥልለት ሽማግሌ የላከ ሰው አይቼ አላውቅም። ውሃው የምር ሊያስወጣው ነው ማለት ነው ብዬ ደነገጥኩ።

«ደብረ ኤልያስ ሚስት አለችው ይባላል» አሉ ጋሼ።

«ነበረችው። በሽማግሌ ፊት ተፋተዋል፤ እሷም ሌላ አግብታለች» አሉ አባ።

«ማን ይመሰክራል?»

«እኛ።»

«እናንተማ የእድሩን ድስት የሰረቃችሁ ናችሁ!»

ጋሽ አበባው አንገታቸውን ደፉ። እኔ ሚስት መኖርና አለመኖር ከክፍል ኪራይ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እያሰብኩ ሳለ ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ።

«ትንቢት!»

«አቤት ጋሼ።»

«ውሃና ሳሙና አምጪ። ሰውየው ይጠራና በፊቴ ይታጠብ።»

«እንዳላማው፣ ይሄ እኮ የልጅ ጨዋታ ነው» አሉ አባ።

«የልጅ ጨዋታ ከሆነ ምን ያስፈራል?»

አስማማው ሳይጠራ መጣ። ከበሩ ውጭ መጥረጊያ ይዞ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ቦታ ደጋግሞ ሲጠርግ ነበር።

ጆጉን ይዤ ጓዳ ገባሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእኔ ጆግ ታጥቦ ያረፋለት ሰው የለም። አባ ያላለፉትን ፈተና ፀጉር አስተካካይ ያልፋል? በኔ እጅ ሊባረር ነው። ቧንቧውን ከፍቼ ጆጉን መሙላት ስጀምር እንባዬም አብሮ ይወርድ ነበር። እናቴ ከበሩ ጀርባ ሆና ሁሉን ሰምታለች። መጥታ ቧንቧውን ዘጋችው። የሞላሁትን ደፋችና ጆጉን ወሰደችብኝ።

«ቆይ፣ እኔ ልሙላልሽ።»

በጓሮ በር ወጣች። ከባድ ነገር መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ፤ ተንበርክካ እየጸለየች ነው ብዬ አሰብኩ። ስትመለስ ፊቷ እንደ ቆራቢ ሰው ረግቶ ነበር። «ሂጂ» አለችኝ።

አስማማው እጅጌውን ሰበሰበ። ጋሼ እንዳላማው ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሳህኑ ላይ አጎነበሱ።

«ሚስት አለህ?»

«የለኝም ጋሼ» አለና ሳሙናውን አሸው።

አረፋው ነጭ ሆኖ ተነሣ። ጣቶቹን ዋጠ፣ አንጓውን አለፈ፣ ወደ ክንዱ ወጣ። አስማማው በድንጋጤ ማሸቱን ስላላቆመ አረፋው ሳህኑን ሞልቶ ወለሉ ላይ ወረደ፤ አንዲት ጉብ ያለች አረፋ ብድግ ብላ የጋሼ ጢም ላይ ተቀመጠች። እኔ በደስታ ጮህኩ። በደብረ ማርቆስ ከተማ አንድ እውነተኛ ሰው ተገኘ፤ እሱም የኛ ተከራይ ነው!

እናቴ በርግጥ እውነት ለተናገረ ሰው ነው በዝናብ ውሃ ያጭበረበረችለት። ስለ ቧንቧ በሚያወሩባቸው በእነዚያ ማታዎች አስማማው ስለ ትዳሩ አንድም ሳይደብቅ ነግሯታል። ያን ቀን ከቧንቧው ቢታጠብ ኖሮ እውነተኛው ሰው ውሸታም ተብሎ ይወጣ ነበር። ጋሼን ደግሞ በክርክር የረታቸው ሰው እስካሁን አልተወለደም።

«ግቡ! ተቀመጡ!» አሉ ጋሼ፣ ጢማቸው ላይ አረፋውን እንደያዙ። ማዕዱ ቀረበ። ማዕድ ከቀረበ ማስታጠብ አለብኝ፤ ጆጉም ገና ግማሽ አለው። ጋሽ አበባው ጫፍ ጫፉን ነካ አድርገው ሊያልፉ ሲሉ አረፋው ተነሣባቸው። እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው «ድስቱን አልሰረቅኩም ብዬ አልነበረም?!» ብለው ጮኹ። አባም ታጠቡ፤ አረፋ። ቀና ብለው በዓይናቸው ጥግ አዩኝ፤ እኔም በልቤ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

ጋሼ እንዳላማው እጃቸውን ከኪሳቸው ያወጡት በዝግታ ነው። ሳሙናውን የያዙት እንደሚፋጅ ነገር ነው። ሲያረፋላቸው ያንን አረፋ እያገላበጡ አዩት። ከዚያ ያ ትልቅ ሰው ዓይኑ እንባ ሞላ። «አየሽ ትንቢት?» አሉኝ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። ለካ የሳሙናው ወሬ እንደደረሳቸው እኛ ሰፈር መጥተው ከቧንቧ ተደብቀው ታጥበው፣ አረፋ አልወጣላቸው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ሳሙና ነክተው አያውቁም፤ እንደተረገሙ ቆጥረው ነበር አለችኝ እናቴ በኋላ።

አባ ማዕዱን ሊባርኩ እጃቸውን ሲያነሡ ጋሼ ከለከሏቸው። «ቆይ አባ። እሷም ትጠየቅ። ወለቴ! ነይ ወዲህ!»

እናቴ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ወጣች።

«ይህን ሰው ትፈልጊዋለሽ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች ወለሉን እያየች። «ለኔ ግድ የለኝም። አንተ እንዳልክ ይሁን።»

አስማማው ፊቱ ጠቆረ። ጋሼ ደግሞ ወደኔ ዞሩ። «አስታጥቢያት።»

ጆጉ ባዶ ነው። እናቴ ቀና አለች፣ «ቆይ እኔ —» ስትል ግን እኔ ሮጫለሁ። ያን ቀን ለሁሉም አረፋ አውጥቶ ለእናቴ እንደማያወጣ ማን ያስባል? ጆጉን ከቧንቧው ሞልቼ፣ ደስ እያለኝ ተመለስኩና እጇ ላይ አፈሰስኩ።

ሳሙናው ተቋጠረ።

እናቴ አሸች። «ውሃው ነው...» አለችና አፏን ያዘች። ውሃው ነው ካለች የአስማማውም አረፋ ውሃው ነው ማለት ነው። ዓይኗ ከእሱ ወደ ወንድሟ ይመላለሳል፤ እጇ እንደ ኖራ በነጣ ሳሙና ተለጥፏል። እንደዚያ የፈራችበትን ሰዓት ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ከዚያ ሁሉ ሰው ውሸታም ሆና የቀረችው እናቴ ብቻ መሆኗን ሳይ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጋሼ እንዳላማው ግንባራቸውን ቋጥረው እጇን አዩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ያሰላስላሉ። በድንገት ጭናቸውን በጥፊ መቱ።

«ዋሸች! ግድ የለኝም ያለችው ውሸት ነው! ግድ አላት! አባ፣ ግድ አላት እኮ!»

አባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ጋሽ አበባው አጨበጨቡ። ከአጥሩ ማዶ፣ ማንም ያልጠራቸው እትዬ መሲ እልልታቸውን አቀለጡት። እናቴ በእርጥብ እጇ ፊቷን ሸፈነች። አስማማው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ቀረባትና ፎጣውን ከትከሻዬ ላይ አንሥቶ ሰጣት። እኔም ቀሚሷን ይዤ «እማ፣ አይዞሽ፤ ሰው ሁሉ ይዋሻል» አልኳት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አስማማው ከመንገድ ዳሩ ክፍል ወደኛ ክፍል ተዛወረ። ወንበሩ እዚያው ቀረ። ደግሰው፣ ዘፍነው፣ አባ ባርከው ሲያዛውሩት የማርቆስ ሰው ለተከራይ ያለው ክብር በጣም አስደነቀኝ። ነገሩ እስኪገባኝ ወንድሜ ተወለደ።

ዛሬ ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ባለፈው ጥቅምት ዓለማየሁን ይዤ ወደ ማርቆስ ሄድኩ። ጓደኛዬ ነው ብዬ ነው፤ ሁሉም ግን ገብቶታል። ጋሼ እንዳላማው በምርኩዝ ከአማኑኤል መጥተዋል። አሁንም ከእናቴ ቤት ሌላ የትም በሳሙና አይታጠቡም፤ እውነቱን ሊነግራቸው የደፈረ የለም። እናቴ ጠዋት ከገባን ጀምሮ ስለ ዓለማየሁ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ጫማውን ብቻ ደጋግማ አይታዋለች።

«ይታጠብ እስቲ» አሉ ጋሼ። እየቀለዱ አልነበረም።

ዓለማየሁ ምንም ሳይጠረጥር እጅጌውን ሰበሰበ። ጆጉን ይዤ ጓዳ ገባሁ። እጄ ቧንቧው ላይ ሳለ እናቴ መጣችና ጆጉን ወሰደችብኝ።

«ቆይ፣ እኔ ልሙላልሽ።»

ፊቷን አየሁት፤ ምንም አይነበብበትም። ወደ ሳሎን መለስ አልኩና በሩን ይዤ ቆምኩ። የውጭ ቧንቧውም በርሜሉም ጓሮ ውስጥ ናቸው፤ የትኛው ጋ እንደምትሄድ የማውቀው በጆሮዬ ነው። ስምንት ዓመት የሆንኩ መሰለኝ። አስማማው ከጥግ ሆኖ ለጋሼ የጀመረውን ወሬ አቋረጠና እሱም እንደኔ አዳመጠ።

ድንጋዩ መሬት ላይ ተቀመጠ። የበርሜሉ ክዳን ተንቋቋ።